አባሉ ራሱ ይምጣ

«አለሜ፣ እኔ ምን ላድርግልሽ? ከክበቡ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ካልመጣልኝ መቁረጡን ማቆም አልችልም» አለች ከፋይዋ ከበቡሽ፣ ከመስኮቱ ወዲያ ሆና።

«እትዬ ከበቡሽ፣ ክበቡ ደግሞ ‹መጀመሪያ ከመሥሪያ ቤቱ ጨርሺ› ይለኛል።»

«እንግዲህ ተመላለሺ።» ከበቡሽ ፈገግ ልትል ሞከረች፤ አልሆነላትም። ዓይኗን ከአለምነሽ ላይ አንስታ ከኋላ ወደ ቆመው ሰው ላከች። «ተረኛ!»

አለምነሽ ከሰልፉ ወጣች። እናቷ ጥሩነሽ የዚሁ የእርሻ ጽሕፈት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ተንበርክካ ወለል ትወለውላለች። የጂንካ ጭቃ በግንቦት ምሕረት የለውም። እሷ አንዱን ጥግ ሳትጨርስ ባለጉዳዩ ሌላውን አቡክቶት ይገባል። አለምነሽ ለምን እንደመጣች እናቷ እንዳትጠይቃት በጓሮ በር ሾልካ ወጣች።

ነገሩ የወንድሟ የጎሳዬ መዋጮ ነው። ጎሳዬ ወደ ውትድርና ከመሄዱ በፊት የቀበሌው ወጣቶች ስፖርት ክበብ አባል ነበር። ክበብ ሲሉት ትልቅ ይመስላል እንጂ ከእህል መጋዘኑ ጀርባ ያለች አንዲት ቆርቆሮ ቤት ናት። ውስጧ ያለው ንብረትም በዘይት ጣሳ ሲሚንቶ ሞልተው በውሃ ቧንቧ ጫፍና ጫፍ የሰኳቸው ክብደቶች፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ የተሰነጠቀ መስታወት ነው። ያም ሆኖ የሰፈሩ ጎረምሶች ከዚያ መስታወት ፊት ደረታቸውን ነፍተው ሲወጡ ላየ፣ ጂንካ የምትበቃቸው አይመስልም ነበር። ጎሳዬ ቋሚ ሥራ ስላልነበረው እናቱ መዋጮው በየወሩ ከደመወዟ እንዲቆረጥ ተስማማች። ለመግባት የአውራ ጣቷ አሻራ በቂ ነበር። መውጫውን የጠየቀ አልነበረም።

የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል። አለምነሽ እንደ ሸንበቆ የቀጠነች ስትሆን ጎሳዬ ግን ገና ብረት መግፋት ሳይጀምር ትከሻው በር የሚሞላ ልጅ ነበር። ጥቂት ወራት ሲገፋ ደግሞ ሸሚዞቹ ሁሉ ጠበቡት። ያን ሰሞን ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና ወጣቶችን አሰለፈ። መልማዩ ከሰው ሁሉ አስቀድሞ ጣቱን የቀሰረው ወደ እሱ ነው። «ይሄ፣ ይሄ ደረታሙ!» አለ። አብረውት የተሰለፉ ቀጫጮች ወደየቤታቸው ተመለሱ። ጥሩነሽ ይህን መቼም አትረሳውም። ብቻዋን ስትሆን፣ «ደረቱን ከፍዬ ያሰፋሁት እኔ ነኝ» ስትል አለምነሽ ብዙ ጊዜ ሰምታታለች።

ጎሳዬ ከሄደ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። እስከ ገና ድረስ ከወደ ሰሜን ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ ከገና ወዲህ ጭጭ አለ። መዋጮው ግን ጭጭ አላለም። አለምነሽ አንድ ቀን «እማዬ፣ እሱ እዚህ ሳይኖር ለምን ይቆረጣል? እናስቆመው» ብትላት ጥሩነሽ ተቆጣች።

«ሲመለስ ቦታውን ሰው ይዞበት ይጠብቀው? ተይው አልኩ!»

አለምነሽ ግን አልተወችውም። እናቷ ለዚያች ለምትጎድለው ብር ብላ እሑድ እሑድ ነሪ ወንዝ ወርዳ የሰው ልብስ ታጥባለች። ከፋሲካ ወዲህ ደረቷን ሳል ይዟታል። ጎሳዬ ቢኖር ይህን አይቶ ዝም አይልም ነበር። እሱ ከሌለ እኔ አለሁ አለችና መመላለስ ጀመረች።

የክበቡ ሊቀ መንበር ጥላሁን ይባላል። የአሪ ሰው ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማይናገር፣ ቀበሌ ውስጥ ከሚሠሩት ሁሉ ሰው የሚወደው። ለዚህ ነው አለምነሽ ነገሩ በአንድ ቀን ያልቃል ብላ የነበረው። መጀመሪያ ስትሄድ «ከመሥሪያ ቤቱ ጨርሺ» አላት። ቀጥላ ስትሄድ ማኅተሙ ተቆልፎበታል ተባለች። ከዚያ ደግሞ ቁልፉን የያዘው ሰው ካኮ ገበያ ወርዷል ተባለች። አሁን ከከበቡሽ መስኮት ቀጥታ ስትመጣበት ሌላ ሰበብ ያለቀበት ይመስል ነበር።

«ደንቡ እንደዚህ ነው እኮ፣ አለምነሽ። አባል የሚለቀው አባሉ ራሱ መጥቶ ሲፈርም ነው።»

«ጋሼ ጥላሁን፣ አባሉ ጦር ሜዳ ነው ያለው!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ እንዴት መጥቶ ይፈርማል?»

ጥላሁን ጨርቅ አንስቶ ከሲሚንቶዎቹ ላይ አቧራ ይጠርግ ጀመር፤ ሲሚንቶ አቧራ ቢጠርጉት ምን ሊሆን እንደሆነ እሱ ያውቃል። አለምነሽ እንባዋ እንዳይታይባት ቶሎ ወጣች።

ጓደኛዋ ኤልሳቤጥ መጋዘኑ ጥግ ቆማ ትጠብቃት ነበር። አንድ ክፍል ነው የሚማሩት፤ ስምንተኛ። በሰኔ ሚኒስትሪ ይፈተናሉ። ወሬውን ሰምታ ኤልሳቤጥ ሳቀች።

«አንቺ ደግሞ ፋራ ነሽ። መፈረም የማይችል አባል ምን ዓይነት ነው? ሞቷል በያቸውና ተገላገያቸው።»

«ምላስሽ ይቆረጥ!» አለምነሽ ቆመች። «ምን ዓይነት ሟርት ነው የምታወሪው?»

«አይ፣ እንዲሆን ብዬ ነው እንዴ? ለወረቀቱ ብቻ ነዋ። ከዚያ ጎሳዬ ሲመጣ ‹ስህተት ነበር› ትያለሽ፣ እሱም ይስቃል። በኋላ ደግሞ ንስሐ ትገቢያለሽ። እናንተ ቄስ አላችሁ አይደል?»

«ሂጂ ከዚህ!»

ኤልሳቤጥ ልቧ ክፉ አይደለም፤ አፏ ነው የሚቀድማት። አለምነሽም ይህን ስለምታውቅ አልተጣላቻትም። ሐሳቡን ግን እቤቷ ይዛው ገባች።

የጂንካ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው መሐል ያለ ሣር ሜዳ ነው። አውሮፕላን በሌለበት ቀን ላም ይሰማራበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ አውሮፕላኑ ድምፁን ሲያሰማ ዘበኛው ዱላውን ይዞ ላሞቹንም ልጆቹንም ያባርራል። ጥሩነሽ የደብዳቤው ነገር ከቀረ ወዲህ አውሮፕላን የሚያርፍበት ቀን አያመልጣትም። አለቃዋን አስፈቅዳ፣ ባልዲዋን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሳይሆን አስተካክላ ለብሳ አጥሩ ጋ ትቆማለች።

በማግስቱ ሐሙስ አለምነሽ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እናቷን እዚያው አገኘቻት። ካፊያ ነበር። ከአውሮፕላኑ አንድ ነጭ ሚስዮናዊ፣ ሁለት ነጋዴዎችና ጠርሙስ መድኃኒት የታቀፈች ነርስ ወረዱ። ጥሩነሽ በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች። ከዚያ ሳሉ ያዛትና አጥሩን ጨብጣ ጎነበሰች፤ ሳሉ ሲለቃት መዳፏ ላይ ደም ነበር።

«እማዬ!»

«ምንም አይደል፤ አጥሩ ቧጭሮኝ ነው» አለች ጥሩነሽ።

አጥሩ አልቧጨራትም። አለምነሽ ያን ጊዜ ወሰነች። የፊታችን እሑድ ይሁን ያኛው እሑድ፣ እናቷ ወንዝ ወርዳ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መቆሟ ይብቃ። ለዚህ ቃል ካስፈለገ ቃሉን ትናገረዋለች።

ዓርብ ከትምህርት በኋላ ቆርቆሮዋ ቤት ገባች። ጥላሁን ብቻውን ነበር፤ አግዳሚው ወንበር ላይ ተቀምጦ የላላ ብሎን ያጠብቃል። አለምነሽ ከበሩ ሳትርቅ ቆመች።

«ጋሼ ጥላሁን፣ ጎሳዬ መጥቶ አይፈርምም። ሞቷል።»

ትጠብቅ የነበረው ቁጣ ነው፤ ወይም «አታሟርቺ» የሚል ተግሣጽ። ወይም «ማስረጃሽ የት አለ?» ሊላት ይችላል ብላ መልስ አዘጋጅታ ነበር። ከጥላሁን እጅ ግን መፍቻው ወደቀ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ማነው የነገረሽ?» አለ።

አለምነሽ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገች። ጥላሁንም ከተናገረ በኋላ ምን እንዳለ ገባውና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። መስታወቱ ውስጥ ሁለቱም ይታዩ ነበር፤ አለምነሽ የራሷን ፊት አየች፣ የራሷ መሆኑን ግን ለማወቅ ጊዜ ወሰደባት።

«ዋሽቼ እኮ ነው» አለች በመጨረሻ። «ጋሼ ጥላሁን፣ እኔ እኮ ዋሽቼ ነው።»

ጥላሁን አለቀሰ። ትልቅ ሰው ሲያለቅስ ማየት ያስፈራል፤ አለምነሽ ግን ምንም አልተሰማትም። ዝቅ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ሀብተ ማርያም ቤት የወሰዳት እሱ ነው። አቶ ሀብተ ማርያም የጎሳዬን ክርስትና ቀን ድግስ የበሉ፣ የአባቷን ቀብር ያስፈጸሙ ሽማግሌ ናቸው። ጥላሁን በጆሯቸው ጥቂት ነገር ሲላቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ አለምነሽን አጠገባቸው አስቀመጧትና እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ ከፋሲካ በኋላ ነው የሰማን። አንድ የቀይ አፈር ከተማ ልጅ ቆስሎ ከሆስፒታል ተለቆ መጣ። አብሮት ነበር። አጠገቡ ነው የወደቀው።»

«እኔ ስላልኩ ነው» አለች አለምነሽ። «አፌ ነው ያመጣው።»

«አይደለም። ያንቺ ቃል የደረሰው ነገሩ ካለቀ በኋላ ነው። እንዲህ ብለሽ ራስሽን እንዳትበዪ።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁንም?»

«መርዶ እንዲሁ አይነገርም፣ ልጄ። የሥጋ ዘመድ ሊኖር ይገባል፤ ስትወድቅ የሚይዛት። አጎትሽ ከአርባ ምንጭ ይመጣል ብለን ላክንበት፤ የወይጦ ወንዝ ሞልቶ መኪና አላሳልፍ አለ። ደግሞ አንቺ ፈተና አለብሽ። ሰኔ ይውጣ፣ ልጅቷ ትፈተን፣ ያን ጊዜ ማልደን እንሄዳለን ተባባልን።»

«ሰው ሁሉ ያውቃል?»

አቶ ሀብተ ማርያም የያዙትን እጇን ጠበቅ አደረጉ። አለምነሽ የከበቡሽን ያልሆነላት ፈገግታ አሰበች። ባለሱቁ ሳይጠየቅ ስኳሩን አክሎ የሰፈረላትን ቀን፣ አስተማሪዋ የቤት ሥራ ስትረሳ ሳይቆጣት የቀረውንም አሰበች። ከተማው ሁሉ ሲያዝንላቸው የከረመው ለካ በዚህ ነው። ከሐዘኑ በላይ መታለሏ አንገበገባት፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ሊያታልሏት ሳይሆን ሊያቆዩላት እንደነበር ታያትና በማን ላይ እንደምትናደድ ጠፋት።

«ስሙን ልሰርዝ አልቻልኩም» አለ ጥላሁን ከበሩ አጠገብ። «ለቀቀ ብዬ እንዳልጽፍ መፈረም አለበት። ሌላውን ብጽፍ ደብዳቤው እናትሽ የምትጠርገው መሥሪያ ቤት ነው የሚገባው። ደመወዝ መቀበያ መስኮት ላይ ቆማ ትስማው? እንዴት አድርጌ? ስለዚህ ዝም ብዬ አመላለስኩሽ። ይቅር በይኝ።»

«እሷ እኮ ወንዝ እየወረደች ነው» አለች አለምነሽ። «ደም እየተፋች ነው። ለእሱ ቦታ ብላ።»

ይህን አላወቁም ነበር። ሁለቱም አንገታቸውን ደፉ።

«ሰኔ እስኪወጣ መቻል ትችያለሽ ወይ?» አሏት አቶ ሀብተ ማርያም ስትወጣ። «ካልቻልሽ አያስወቅስሽም።»

«እችላለሁ» አለች።

ቻለችም፤ ቅዳሜን ቻለች። ገበያ ወጥታ ጎመን ገዛች። እሑድ እናቷ ልብስ ልትቋጥር ስትነሳ ቋጠሮውን ነጥቃ ራሷ ነሪ ወረደች፤ የወንዙ ጫጫታ ሰው እንዳይሰማት ስለጋረዳት እንደልቧ አለቀሰች። ማታ መጽሐፏን ዘርግታ አንድ ገጽ ላይ አፍጥጣ አመሸች። ጥሩነሽ «በርቺ ልጄ፣ ወንድምሽ ሲመጣ ውጤትሽን ነው የሚጠይቀው» ስትላት «እሺ እማዬ» አለች።

ሰኞ አውሮፕላን ነበር። ጥሩነሽ «ዛሬ ልቤ ደስ ብሎታል፤ ነይ አብረን እንሂድ» ብላ እጇን ያዘቻት። አጥሩ ጋ እንደወትሮው ሰው ተሰብስቧል። ከአውሮፕላኑ የወረደው ሦስተኛው ሰው ወታደር ነበር። ረጅም ነው፣ ትከሻው ሰፊ፣ ከረጢት አንግቷል፤ ፊቱ ከሩቅ አይለይም።

ጥሩነሽ ጮኸች። አጥሩን በየት በኩል እንዳለፈችው አለምነሽ እንኳ አላየችም። ነጠላዋ ሽቦው ላይ ቀርቶ፣ ባዶ ራሷን፣ በእርጥቡ ሣር ላይ እየተንሸራተተች ሮጠች። ዘበኛው ዱላውን አንስቶ ነበር፤ ማን እንደሆነች ሲያይ መልሶ አወረደው። ወታደሩ ዘወር አለ። ጥሩነሽ አንድ እርምጃ ሲቀራት ቆመች። የተዘረጉ እጆቿን የምታደርግበት አጥታ የወታደሩን ከረጢት ማሰሪያ አስተካከለችለት፤ ያን አድርጋ ተመለሰች።

አለምነሽ ያን ጊዜ ያየችው እናቷን ብቻ አልነበረም። አጥሩ ጋ ከቆሙት ሰዎች አንድም ቀና ያለ የለም። ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። አንዲት ሴት በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛለች። ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል ያልገባት አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም የምትስቅ ለመምሰል እየሞከረች ወደ እነሱ ትመጣለች።

«የሰው ልጅ ነው» አለች ጥሩነሽ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «እናቱ ደስ ይበላት። የኔው ደግሞ ሐሙስ ነው።»

አለምነሽ ነጠላውን ከሽቦው አላቅቃ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። እቤት አደረሰቻትና «ደብተር ረስቼ» ብላ ወጣች።

አቶ ሀብተ ማርያም ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ገና ሲያዩዋት ተነሱ።

«አባባ፣ ነገ ይምጡ።»

«ፈተናሽስ፣ ልጄ?»

«ፈተናው ይድረስ። ሲደርስ እፈተናለሁ፤ ካልሆነም ለከርሞ ነው። ሐሙስ ግን እንደገና አትሮጥም።»

«አጎትሽ እኮ አልደረሰም። የሥጋ ዘመድ…»

«እኔ ዘመዷ አይደለሁም? እኔ እይዛታለሁ።»

ሽማግሌው ቀጭን ክንዶቿን አዩ። «ጎህ ሲቀድ እንመጣለን» አሉ። «በሩን እንዳትቆልፊው።»

ቤት ስትመለስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አለምነሽ መጥረጊያ አንስታ ግቢውን መጥረግ ጀመረች፤ ለብዙ ሰው መቀመጫ የሚሆን ቦታ ያስፈልጋል። የውሃ እንስራውን ወደ ጥግ ወሰደች፣ የማገዶውን ክምር አስጠጋች፣ ጭቃው ላይ ደረቅ ሣር በተነች። ጥሩነሽ ከደጃፉ ሆና ታያት ነበር።

«ምነው ልጄ፣ በዚህ ሰዓት ደጅ ይጠረጋል? እንግዳ አለብን እንዴ?»

«ነገ ጠዋት ጊዜ አይኖረኝም፣ እማዬ።»

ከዚያ እሳት አነደደች። ጎመኑን ሠራች፣ ያላቸውን ቅቤ ሁሉ ጨመረችበት። ጥሩነሽ «ያን ሁሉ?» ብትልም አልተቆጣችም። ገበታው ሲቀርብ እንደ ልማዷ ሁለት ጊዜ ቆንጥራ እጇን ልትሰበስብ አለች። አለምነሽ ነገ፣ ከነገ ወዲያም፣ ምናልባት ለብዙ ቀን ይህች ሴት እህል እንደማትቀምስ ታውቃለች። የዛሬዋ ማታ ብቻ ናት የቀረቻት። በትልቁ ጠቀለለችና እጇን ዘረጋች።

«ምን ሆነሻል አንቺ ዛሬ?» አለች ጥሩነሽ።

«ብይ እማዬ። በሞቴ።»

ጥሩነሽ ጎረሠች። እያላመጠች ልጇን በዓይኗ ፈለገቻት፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቷ ፈታ አለ።

«በይ እንግዲህ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል ሲባል አልሰማሽም?» አለች።

አለምነሽ እንባዋን ወደ ውስጥ ውጣ ሁለተኛውን መጠቅለል ጀመረች።